ማስረጃ የተባለው ፈረስ

አባቴን በፈረስ ሌብነት ጠርጥረው ሲያስሩት የተያዘው የገዛ ፈረሱን ይዞ ነው። ይህን ስናገር የሚሰማኝ ሰው ሁሉ መጀመሪያ ፈገግ ይላል፤ አፍ ያዳለጠኝ ይመስለዋል። አላዳለጠኝም። እስከ ዛሬ ሳወራው ድምፄ ይቀየራል፤ ቢቀየርም ግድ የለኝም።

አባቴ ዳንግላ ውስጥ ጋሪ ነጂ ነው። ዕድሜውን ገጠር ሲያርስ ኖሮ፣ መሬቱን ለወንድሞቼ አካፍሎ ከእናቴና ከእኔ ጋር ከተማ ከገባ በኋላ ነው ጋሪ የጀመረው። ድንች ይጭናል፣ ከሰል ይጭናል፣ አንዳንዴም ጤና ጣቢያ የሚሄድ በሽተኛ። ፈረሱ ዳማ ነበር፤ ግንባሩ ላይ ነጭ ቦቃ አለው። ገና ውርንጭላ ሳለ ነው ከዘንገና ሐይቅ በላይ ከሚኖሩ አንድ አዛውንት የገዛው። ሽያጩ ያለቀው ዳንግላ ገበያ አጠገብ፣ ጨርቅ የሚሸጡ አንድ ሐጂ ሱቅ በረንዳ ላይ ነበር። ሐጂ ራሳቸው መሐል ገብተው አስማምተዋቸዋል። እኔም የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ የምሠራው እዚያው በረንዳ ላይ ነው። ፈረሱን የሸጡት አዛውንት ከጥቂት ዓመታት በኋላ አረፉ።

አባቴ ከሰው ጋር በአማርኛም በአገውኛም ይነጋገራል፤ ከፈረሱ ጋር ግን በአገውኛ ብቻ። ጅራፍ ይዞ አይቼው አላውቅም። ቁም ሲለው ይቆማል፣ ዳገት ሲደርስ ወርዶ አብሮት ይገፋል።

የዚያን ቀን ድንች ጭኖ ከዳንግላ ወጣ ወዳለች የገበያ ከተማ ሄደ። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ስሟን ብጠራ ነገሩ የእሷ ብቻ ይመስላል። ጭነቱን እያራገፈ ሳለ አንድ ሰው መጥቶ ልጓሙን ያዘ። መጋዘን ያለው እህል ነጋዴ ነው፤ ወንድሙ ወረዳው ላይ ሹም ነው። ክረምት ላይ ዳማ ፈረስ ተሰርቆበት ነበር።

«ይሄ ፈረስ የኔ ነው» አለ።

አባቴ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ያ ሳቅ በኋላ ክፉኛ ተቆጠረበት። ፖሊስ ሲመጣ ነጋዴው «ጭራሽ እየሳቀብኝ ነው» ብሎ ነው የከሰሰው። ገበያተኛው ተሰበሰበ። አባቴን፣ ፈረሱንና ጋሪውን አንድ ላይ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ወሰዷቸው። ከኋላ የተከተሉት ሰዎች «ሌባ» እያሉ ነበር። ይህን የነገረኝ የአባቴ ጓደኛ፣ ሌላ ጋሪ ነጂ ነው። ስልክ ደውሎ ሲነግረኝ ያለቅስ ነበር።

የጀመርኩትን ልብስ መኪናው ላይ ትቼ በሚኒባስ ደረስኩ። መርማሪው ወጣት ነው፤ ከእኔ ያንሳል። ከሌላ አካባቢ ተመድቦ የመጣ በመሆኑ አገውኛ አያውቅም፤ አለማወቁ ጥፋት አይደለም። አባቴን ግን «አንተ» ይለዋል። ነጋዴውን ደግሞ፣ በዕድሜ ከአባቴ የሚያንሰውን ሰውዬ፣ «እርስዎ» እያለ ወንበር ስቦለት ነበር። ገና ከበሩ ስገባ የሰማሁት ይህንን ነው፤ ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ያኔ ገባኝ።

«ቃሉን ሰጥቷል» አለኝ መርማሪው። «ፈረሱን ከየት አመጣኸው ስለው፣ ከሞተ ሰው ነው ያለኝ። ከሞተ ሰው ላይ የሚገዛው እንዴት ነው?»

ከጎኑ ያለው ፖሊስ ሳቀ።

«የሸጡለት ሰውዬ ኋላ ሞተዋል ማለቱ ነው» አልኩት። «ደንግጦ አማርኛው ጠፍቶበት ነው። በአገውኛ የሚጠይቀው ሰው አምጡለት።»

«አንቺ ጠበቃ ነሽ?»

«ልጁ ነኝ።»

«እንግዲያው ልጅ ሁኚ» አለኝ። በማግስቱ አባቴ ፍርድ ቤት ሲቀርብ ፖሊስ የምርመራ ጊዜ ጠየቀ፤ ተሰጠው። ከሞተ ሰው ገዛሁ የምትለዋ ቃል ችሎት ፊት እንዳለች ተነበበች። ዋስ እንጥራ ብንል፣ ከተለቀቀ ማስረጃ ያጠፋል ተባለ። ማስረጃው ፈረሱ ነው። የገዛ ፈረሱን እንዳያጠፋው ተብሎ አባቴ ታሰረ።

ፈረሱ የታሰረው ጣቢያው ግቢ ውስጥ ነው፤ የተያዙ ሞተር ብስክሌቶችና ጎማው የወለቀ ባጃጅ አጠገብ፣ ከአንድ የብረት ምሰሶ ላይ። ባጃጅ ሳር አይበላም። ሞተር ብስክሌት አይጠማውም። እዚያ ግቢ ውስጥ ይህን ልዩነት የሚያስተውል ሰው አልነበረም። የሚያበላው ማነው ብዬ ብጠይቅ አንዱ ወደ ሌላው ጠቆመኝ፤ ያኛውም ወደ ሌላ። በመጨረሻ «ኤግዚቢት ነው፤ በጀት የለውም» አሉኝ።

እኔም ለአባቴ ምሳ ለፈረሱ ድርቆሽና ገብስ ይዤ መመላለስ ጀመርኩ። ጥቂት ቀን እንዲህ ሄደ። ከዚያ አንድ ጠዋት በሩ ላይ ያለው ዘበኛ የአባቴን ምሳ አስገብቶ ድርቆሹን አስቀረው። ነጋዴው አመልክቶ ኖሯል፤ የተጠርጣሪ ቤተሰብ ማስረጃውን ይነካካል፣ ሊመርዙት ይችላሉ ብሎ። መርማሪውም ልክ ነዎት ብሎ ትእዛዝ ሰጠ።

«እናንተ አብሉት በቃ» አልኩት መርማሪውን። «እኔ ላምጣ፣ እናንተ ስጡት።»

«ያመጣሽው ውስጥ ምን እንዳለ በምን አውቃለሁ?»

«እሺ ከጎረቤት ግዙለት።»

«ነገርኩሽ እኮ፤ በጀት የለም።»

ይህን የሚለኝ ስልኩን እያየ ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ክፋት ቢሆን ቢያንስ ፈረሱን አይቶታል ማለት ነው። እሱ ግን በመስኮቱ በኩል ጎድኑ የሚቆጠር እንስሳ ቆሞ እያለ አንድ ቀን ቀና ብሎ አላየውም። ከዘበኞቹ አንዱ ሲደላው ባልዲ ውሃ ያቀርብለታል። ፈረሱ ሳሩን ገመዱ እስከደረሰበት ድረስ ግጦ ጨርሶ አፈሩን ያሸት ነበር።

አባቴ ማረፊያ ቤት ሆኖ የፈረሱን ድምፅ ይሰማል። የወሰድኩለትን ምግብ ሳይከፍት መጀመሪያ የሚጠይቀኝ «በላ?» ብሎ ነው። እውነቱን ነገርኩት። ምሳውን መልሶ ሸፈነው።

«አባባ፣ አንተ ባትበላ እሱ አይጠግብም።»

«አውቃለሁ ልጄ» አለኝ። «ግን አልወርድ አለኝ።»

ሐጂ ቃላቸውን ሊሰጡ ሱቃቸውን ዘግተው አብረውኝ ሄዱ። የመጀመሪያ ቀን መርማሪው ስብሰባ ላይ ነው ተባለ። ሌላ ቀን ስንሄድ ለመስክ ወጥቷል ተባልን። ጉልበታቸው የማይታጠፍላቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ሚኒባሱ ላይ የሚወጡት ደግፌያቸው ነው። በመጨረሻ ተገኘና ቃላቸውን ተቀበለ። ሐጂ ረጋ ብለው ሁሉንም ነገሩት፤ ፈረሱ ውርንጭላ እያለ በረንዳቸው ላይ እንዴት እንደተሸጠ፣ በየቀኑ ፊት ለፊታቸው ሲያልፍ እንዴት ሲያድግ እንዳዩት። መርማሪው ጽፎ ጨረሰና «ጎረቤቱ ነዎት፤ ልጁም እርስዎ ጋ ነው የምትሠራው። ገለልተኛ ምስክር አይደሉም» አላቸው።

ሐጂ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። «ልጄ፣ ሰውን የሚያውቀው እኮ ጎረቤቱ ነው» አሉት። «የማያውቀው ሰውማ አንተ አለህለት።»

ለሁለተኛው ቀጠሮ አባቴን ከማረፊያ ቤት ሲያወጡት እኔም ነጋዴውም መርማሪውም ግቢው ውስጥ ቆመን ነበር። አባቴ ከታሰረ ጀምሮ ከፈረሱ ጋር ሲተያዩ የመጀመሪያቸው ነው። በምሰሶው በኩል ሲያልፍ ቆመና በአገውኛ አንዲት ቃል አለው፤ አይዞህ እንደማለት ነው። ፈረሱ አንገቱን ቀና አድርጎ አሽካካ፤ ገመዱን እየጎተተ ወደ አባቴ ሊሄድ ታገለ። ያ ሁሉ ረኀብ ባለበት ሰውነት ምሰሶውን አነቃነቀው። ዘበኛው አፉን ያዘ። ነጋዴው ወደ በሩ ዞረ።

«አያችሁ?» አልኩ። «ይህንን ጻፉት።»

«ፈረስ ምስክር አይሆንም» አለ መርማሪው። ፊቱ ግን ቀልቶ ነበር። ፍርድ ቤት ገብቶ ደግሞ ተጨማሪ ጊዜ ጠየቀ፤ ደግሞም ተሰጠው።

ነገሩን የፈታው ሕግ አይደለም፤ የሾፌሮች ወሬ ነው። በጫግኒ መስመር የሚሠራ አንድ የሚኒባስ ረዳት ሱሪውን ሊያሳጥር እኔ ዘንድ መጥቶ ስለ አባቴ ሲሰማ፣ የነጋዴው ፈረስ እኮ ጫግኒ ውስጥ ከሌባው ጋር ተገኝቷል፣ ሰውዬው ራሱ መጥቶ ወስዶታል አለኝ። አላመንኩትም። በማግስቱ ወደ ነጋዴው ቤት ሄድኩ። የግቢው በር ገርበብ ብሏል። ውስጥ፣ ከእህል መጋዘኑ ጎን፣ አንድ ዳማ ፈረስ ጭድ ይበላል። ግንባሩ ላይ ቦቃ የሚባል ነገር የለውም።

ነጋዴው ከመጋዘኑ ወጣ። አየኝ፤ ፈረሱን እያየሁ መሆኔንም አየ።

«መቼ ነው ያገኙት?» አልኩት።

«ቆይቷል» አለኝ።

«ለፖሊስ ነግረዋል?»

«ልነግር ነበር። የመኸር ሰሞን ነው፤ ሥራ በዝቶብኝ ረሳሁት።»

ረሳሁት። አባቴ ሲሚንቶ ላይ ተኝቶ፣ ፈረሳችን አፈር እያሸተተ፣ ይህ ሰውዬ ፈረሱን አስገብቶ፣ ጭድ አቅርቦለት፣ በሩን ዘግቶ ረሳ። የሰደብኩትን ስድብ እዚህ አልጽፈውም። ሠራተኞቹ ሥራቸውን አቁመው አዳመጡ፤ አንዳቸውም ዝም በይ አላሉኝም።

ከዚያው በቀጥታ ጣቢያ ሄድኩ። መርማሪው «ከሳሹ ራሱ መጥቶ ቃሉን ማስተካከል አለበት» አለ። ነጋዴው በማግስቱ አልመጣም። የገበያ ቀን አለፈ፣ አልመጣም። የመጣ ዕለት፣ ወንድሙን አስከትሎ፣ ቃሉን ሰጥቶ ሻይ ተጋብዞ ሄደ። ፈረሳችን ግን ያን ዕለት ጠዋት፣ እሱ ከመምጣቱ በፊት ወድቆ ነበር። ምሰሶው ሥር፣ ገመዱ አንገቱ ላይ እንዳለ። ስደርስ ዓይኑ ክፍት ነበር፤ ዝንብ ወርሶታል።

ከሰዓት በኋላ አባቴን ጠርተው ነጻ ነህ፣ መዝገቡ ተዘግቷል አሉት። ከዚያ አንድ ወረቀት አቀረቡለት። መርማሪው አነበበለት፤ ኤግዚቢቱን በሙሉ ተረክቤአለሁ የሚል ነው። ቀጥሎም ሬሳውን ዛሬውኑ ከግቢው እንድታነሱ፣ ይሸታል አለ።

አባቴ አውራ ጣቱን ወደ ቀለሙ አላስጠጋም።

«የወሰዳችሁት ፈረስ ነው» አለ። አማርኛው ያን ጊዜ አልጠፋበትም። «ፈረስ ስጡኝና ልፈርም።»

«ሳትፈርም መውጣት አትችልም።»

«እቀመጣለሁ።»

እውነትም ተመልሶ ማረፊያ ቤቱ በር ላይ ተቀመጠ። መርማሪው ወጣ ገባ አለ፤ አባቴን እንዳስፈርምለት ለመነኝ። መለመን መቻሉን ያኔ ነው ያወቅሁት። ወረቀቱን አልነካውም አልኩት። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል የጣቢያው ኃላፊ መጥቶ ጉዳዩን ሰማና ያለ ፊርማ ልቀቁት አለ። ይቅርታ ያለ ሰው የለም። ፈረሱን ጣቢያው ራሱ አስጎትቶ አስነሳ። አባቴ ልጓሙን ብቻ ይዞ በሚኒባስ ወደ ዳንግላ ተመለስን። ጋሪውን በማግስቱ ያ ጋሪ ነጂ ጓደኛው አስጎትቶ አመጣለት።

አቤቱታ ጻፍኩ። ሥራ አጥቼ አይደለም፤ የስፌት መኪናዬን እያቆምኩ ከቢሮ ቢሮ ተመላለስኩ። የመጨረሻው መልስ ምርመራው በሕጉ መሠረት ተካሂዷል የሚል ነበር። እኔን ያቃጠለኝ ውሸት አለመሆኑ ነው። ጊዜ የጠየቁት በሕግ ነው፣ የተሰጣቸውም በሕግ ነው፣ ፈረሱም በሕግ ነው ማስረጃ የሆነው። አንድም ሰው ሕግ ሳይጥስ አባቴን ሌባ አሰኙት፣ ፈረሱን ገደሉት።

ከጥምቀት በኋላ ነጋዴው ሽማግሌ ላከ። ሦስት የተከበሩ አዛውንቶች ቤታችን መጥተው እንደ ደንቡ ቆመው ለመኑ፤ አባቴ አስቀመጣቸው። ሰው ይሳሳታል፣ ፈረስ ከፈረስ ይመሳሰላል፣ ሌላ ፈረስ ይተካልህ፣ በፍርድ ቤት እንዳትጠይቀው ታረቁ አሉ። ደግ ሰዎች ናቸው፤ ለደግነታቸው ክብር አለኝ። ግን እያዳመጥኳቸው ሳለ፣ አባቴ የታሰረ ቀን እሱን ለማስፈታት የመጣ ሽማግሌ ማን ነበር ብዬ አሰብኩ።

አባቴ ጨርሰው እስኪናገሩ ጠበቀ።

«ፈረሱ ይቅር» አላቸው። «እኔን ልጓሜን ይዞ ሌባ ያለኝ ገበያ መሐል ነው። በዚያችው ገበያ፣ በገበያ ቀን፣ ሌባ አይደለም ይበል። እዚያው እጁን ስሜ እታረቃለሁ።»

አዛውንቶቹ ተያዩ። አንዳቸው ወደ እኔ ዞረው «አንቺስ ምን ትያለሽ?» አሉኝ።

«እኔ ይህም አይበቃም ነው የምለው» አልኩ። «ግን የአባቴ ነገር ነው፤ እሱ ይበቃል ካለ እሺ። ይምጣና ይናገር።»

መልእክቱን አደረሱለት። ነጋዴው፣ ሌላ ፈረስ እሰጣለሁ፣ ገበያ መሐል መናገር ግን ያሳፍረኛል አለ። አዛውንቶቹ ይህን መልስ ይዘው ሲመጡ ቀና ብለው ሊያዩን አልቻሉም። አባቴም አመስግኖ ሸኛቸው፤ ፈረሱን አልተቀበለም።

አሁን አባቴ ጋሪውን ሸጦ መናኸሪያው አካባቢ ዕቃ ይጠብቃል። አልፎ አልፎ ከዚያች ከተማ የሚመጣ ሰው «እኚህ ሰውዬ በፈረስ ተይዘው የነበሩት አይደሉም?» ሲል እሰማለሁ። ነጋዴው ጨርቅ ሊገዛ ዳንግላ ሲመጣ በሐጂ ሱቅ በኩል ያልፋል፤ ሐጂ አይሸጡለትም፣ አለቀ ይሉታል፣ ጥቅሉ ከኋላቸው እየታየ። እኔን «እንደምን ዋልሽ» ይለኛል። አልመልስለትም። ሰላምታ መንፈግ ነውር ነው፤ እናቴም ትቆጣኛለች፣ ቄሱም መክረውኛል። መርፌዬን እያየሁ ስፌቴን እቀጥላለሁ። ገበያ መሐል ቆሞ ያቺን ቃል እስኪናገር ድረስ ከእኔ አፍ ሰላምታ አይሰማም።