ቀይ ጨርቁ ጥግ ላይ ያለችው «በ»

ትናንት ረፋድ ላይ አብዮት ጠባቂው ከቤት ጠርቶ ቀበሌ ወሰደኝ። የአብዮቱን በዓል መፈክር ቀይ ጨርቅ ላይ የጻፍኩት እኔ ስለሆንኩ... ሊያመሰግኑኝ መስሎኝ ፀጉሬን አበጥሬ ነበር የሄድኩት።

ሊቀመንበሩ ጨርቁን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቶ ጥጉን በጣቱ ጫን አደረገው።

«ይሄ የየትኛው ድርጅት ምልክት ነው?»

«የእኔ ነው።»

«አንተ ድርጅት ነህ?»

«በቀለ ነኝ... በ ማለት በቀለ።»

ካስተማሪዬ ጋር ተጣልቼ ትምህርት ካቆምኩ ወዲህ የምኖረው ታፔላ እየጻፍኩ ነው። ያየ ሁሉ የማን እጅ እንደሆነ እንዲያውቅልኝ ወር ሙሉ ስሞክር ቆይቼ ነው «በ»ን ያገኘኋት። አንድ እግሯ ወደ ላይ ታጥፎ የእንሰት ቅጠል ይሆናል... ቅጠሉ ላይ ሦስት መስመር አለ።

«ሦስቱ መስመሮች ሦስት ሰዎች ናቸው። ስማቸውን ተናገር።»

ዝም ማለት ነበረብኝ... የኔ አፍ ግን መቼ ያርፋል።

«እንሰት አይተው አያውቁም እንዴ?»

ሊቀመንበሩ ፊቱን ከእኔ አዞረ። «ወደ አውራጃ ይተላለፍ» አለ ለጸሐፊው። በዚህ ሰሞን ወደ አውራጃ የተላለፈ ሰው መቼ እንደሚመለስ ማንም አያውቅም። 

ጸሐፊው መጻፍ ሲጀምር በሩ ተከፈተ። ሻይ ቤት ያላቸው እትዬ አሰገደች... ታፔላቸውን ከግድግዳ ነቅለው አናታቸው ላይ ተሸክመው ገቡ። አብዮት ጠባቂው በደጃቸው ሲነዳኝ አይተው ነገሩን ጠይቀውታል ለካ።

ያንን ታፔላ የሠራሁት እኔ ነኝ። «እኔ ቤት ላይ ያንተን ፊደል ምን አመጣው?» ብለውኝ፣ «ካልወደዱት ይፋቁት» ብዬ ጥያቸው ከሄድኩ ወዲህ ሰላም እንኳ አልተባባልንም።

ታፔላውን ጨርቁ አጠገብ አቆሙት።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይቺ ምልክት እኔም ጋ አለች። ሦስት ወር ሙሉ በየጠዋቱ ከሥሯ ቁጭ ብለው ሻይ ሲጠጡ ምንም አላሉም። ታዲያ አውራጃ ሲጠይቀን ምን እንበል?»

ሊቀመንበሩ ታፔላውን አየ... ጸሐፊውን አየ። ጸሐፊው እስክሪብቶውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ።

«ከጨርቁ ላይ አጥፋትና ሂድ» አለኝ። በቀይ ቀለም ደፈንኳት... ደቂቃም አልፈጀብኝም።

ውጭ ስንወጣ፣ «እትዬ፣ እኔ ልሸከምልዎት» አልኩ።

«ተወው፣ አንተ ከያዝከው ሌላም ትፈርምበታለህ።»

 እሳቸው ከፊት፣ እኔ ከኋላ፣ የቦንጋን ገበያ መሃል ለመሃል አቋረጥን... ምልክቴ እንደዚያ ከፍ ብላ አታውቅም።