«ቀና አድርጉት» የተባለው መስታወት

ሸዋ ሮቢት ባለው ወርክሾፕ ሥራ በጀመርኩበት ቀን፣ አለቃዬ ጋሼ መኮንን በለስላሳ ወረቀት የተጠቀለለ ትንሽ መስታወት መዳፌ ላይ አስቀመጡልኝ። ያዝኩት ለማለት እንኳ ይከብዳል፤ ክብደት የለውም። እኔ እስከዚያ ቀን የማውቀው የወፍጮና የውሃ ፓምፕ ዲዛይን ነው። ምን ልሥራበት ብላቸው፣ ምስሉ እንዲስተካከል መስታወቱ መጉበጥ አለበት አሉኝ። ለማስተካከል ማጉበጥ! ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ግራ ተጋብቼ ነው።

ነገሩ የገባኝ ከብዙ ሳምንት በኋላ ነው። ሳተላይት ላይ ያለ ቴሌስኮፕ አንድ ጎኑን ፀሐይ ሲመታው፣ ሌላው ሲቀዘቅዝ ቅርጹ ይዛባል፤ ምስሉም ይደበዝዛል። የእኛ መስታወት ጀርባው ላይ ገፊ የምንላቸው ጠጠር የሚያካክሉ ነገሮች ተጣብቀውበታል። ኤሌክትሪክ ሲያገኙ ከፀጉር ውፍረት ባነሰ ልክ ይረዝማሉ፣ ያጥራሉ። መስታወቱም አብሮ እየጎበጠ የቴሌስኮፑን ስህተት ያካክሳል።

የእኔ ድርሻ ጀርባውን እንደ ማር እንጀራ ፈልፍሎ ማቅለል ነበር። ጋሼ መኮንን ሰኞ ቀለል ይበል ይላሉ። ማክሰኞ በደንብ እንዲጎብጥ ይሳሳ ይላሉ። ረቡዕ ደግሞ ሮኬቱ ሲያንቀጠቅጠው እንዳይሰበር ይጠንክር። የቱን ልስማ ስላቸው ሁሉንም አሉኝ።

ገፊዎቹን በኮምፒውተር የሚያዘው የማጀቴ ከተማ ልጅ የሆነው ባልደረባዬ ሰይድ ነበር። ስንለካ ቬንቲሌተር ይጠፋል፤ ንፋሱ ምስሉን ያናውጠዋል። በዚያ ሙቀት ላቤ እንዳይንጠባጠብ ግንባሬን በሻሽ አስሬ እሠራለሁ። ውጭ ባጃጅ ባለፈ ቁጥር ምስሉ ይንቀጠቀጣል፤ እስኪያልፍ እጃችንን አጣጥፈን እንጠብቃለን።

ሦስት መስታወት ሰብረን አራተኛው ተሳካ። አንድ ሳተላይት ላይ ቦታ ተገኘለት፤ በሳምንት ውስጥ ማስረከብ ነበረብን። ጋሼ መኮንን በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ። ከመሄዳቸው በፊት ሥራቸው ወደ ሰማይ ሲወጣ ማየት ይፈልጉ ነበር፤ እኛም ያንን እናውቃለን።

ለማስረከቢያው ወረቀት አዲስ አበባ ሊሄዱ ሲነሱ የመጨረሻውን ልኬት አዩ። የመስታወቱ ጠርዝ ትንሽ ወደ ላይ ታጥፏል። «ጠርዙን ቀና አድርጉት» አሉና መኪና ውስጥ ገቡ። ሁለታችንም እሺ ብለን ሸኘናቸው።

እኔ የታጠፈውን ዝርግ አድርጉት ማለታቸው ነው ብዬ፣ ጠርዙን ወደ ታች የሚጫኑትን ብሎኖች በቀስታ ማጥበቅ ጀመርኩ። ሰይድ ደግሞ ጠርዙ ጠፈር ላይ ሲቀዘቅዝ እንደሚያዘቀዝቅ ስለሚያውቅ፣ ከአሁኑ ከፍ ይበል ማለታቸው ነው ብሎ ከወዲያኛው ክፍል ገፊዎቹን ወደ ላይ አዘዘ። እኔ ስጫን እሱ ይገፋል። ብሎኑ ለምን እንደከበደኝ አልገባኝም። ጨመር አደረግኩ። ቀጭን ድምፅ ሰማሁ፤ ጠርዙ ተሰነጠቀ።

ስንደውል ጋሼ መኮንን ጣርማ በር ዋሻው ጋ ደርሰው ነበር። ያን ሁሉ ቁልቁለት ተመልሰው መጡ። ሰይድ፣ «ወላሂ ጋሼ፣ ከፍ አድርጉት ያሉ ነው የመሰለኝ» አለ።

እኔም ጠየቅኳቸው። «ቀና ያሉት ወደ ላይ ነው ወይስ ዝርግ?»

ስንጥቁን ጎንበስ ብለው አዩት። «እንጃ ልጄ፤ ስናገረው ግልጽ ነበር» አሉ።

አልተቆጡም። ቢቆጡን ይሻለን ነበር። ሳተላይቱ ያለኛ መስታወት ሄደ፤ እሳቸውም በዓመቱ መጨረሻ ጡረታ ወጡ። አምስተኛው መስታወት ሲደርስ እሳቸው ወርክሾፑ ውስጥ አልነበሩም።

ዛሬ በዲዛይን ሥዕሎቻችን ላይ አቅጣጫው በቀስት፣ መጠኑ በቁጥር ይጻፋል። ግን ቃሉ ብቻ አይደለም ጥፋተኛው። ያን ቀን ቀና ማለት ምን እንደሆነ እርግጠኛ አልነበርኩም፤ አለቃዬን መልሶ መጠየቅ ድፍረት መስሎኝ ዝም አልኩ። በኋላ ሳወራው ሰይድም እንደዚያው ነው። እናንተ ግን ያልገባችሁን ትእዛዝ፣ ያዘዛችሁ ሰው መኪና ውስጥ ሳይገባ ጠይቁት።