የባለመዝናኛው ምሰሶ

የዘይት ቀለም ሽታ አልወድም። ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዤ እዚሁ ሆሳዕና አዲስ የተከፈተ የልጆች መጫወቻ ሄጄ ነበር፤ ገና በሩ ላይ ያ ሽታ ሲመታኝ እግሬ ቀጥ አለ። ልጄ እጄን እየጎተተች "እማ፣ ግቢ እንጂ!" ትለኛለች። እኔ ግን የሸርተቴውን እግር፣ የመወጣጫውን ብረት፣ የጅዋጅዌውን ምሰሶ አንድ በአንድ በጣቴ እያንኳኳሁ ዞርኩ። ትኬት የምትቆርጠው ልጅ "እህቴ፣ ምን ፈልገሽ ነው?" አለችኝ። ምንም አልኳት። ለእናንተ ግን ልንገራችሁ።

አባቴ አናጢ ነበር። ወንበርና አልጋ ለሰው ይሠራል፤ ለራሱ ደስታ የሠራው ግን ከቤታችን ጀርባ ያለውን የልጆች መጫወቻ ነው። ሁለት ጅዋጅዌ፣ አንድ ሸርተቴ፣ መሐል ላይ ደግሞ በእጅ እየተገፉ የሚዞሩ ስድስት የእንጨት ፈረሶች። ቀለም የሚባል ነገር አልነካቸውም። "ቀለም ስንጥቅ ይደብቃል፤ እኔ ስንጥቁን ማየት እፈልጋለሁ" ይል ነበር። እንጨቱን ዓመት ሙሉ ጥላ ውስጥ ሳያደርቅ አይቆርጠውም። መሬት የሚገባውን የምሰሶ ጫፍ ምስጥ እንዳይደፍረው ከጋራዥ ለምኖ ባመጣው የተቃጠለ ዘይት ደጋግሞ ያጠጣዋል። ቅዳሜ ጠዋት፣ ልጆች ሳይመጡ፣ አንድ ጆንያ በቆሎ ጅዋጅዌው ላይ ያስርና ባለ በሌለ ኃይሉ ይገፋዋል። ጎረቤቶቻችን በአጥር ብቅ እያሉ "የአናጢው በቆሎ ዛሬም ሊዝናና ነው!" ብለው ይስቃሉ።

በቆሎው ሲወርድ የእኔ ተራ ነበር። በየምሰሶው ሥር ተንበርክኬ አንኳኳለሁ። ጤነኛ እንጨት ጥርት ያለ ድምፅ ይመልሳል፤ ውስጡ የተበላ ግን እንደ ታፈነ ነገር ድም ብሎ ይቀራል። አባዬ ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጥና "አንቺ ምን ትያለሽ?" ይለኛል። እኔ ሳልፈርድ እሱ አይፈርድም ነበር። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ በዚያች ጥያቄ የተሰማኝን ኩራት ከዚያ ወዲህ የትም አላገኘሁትም።

ከዚያ ባለመዝናኛው መጣ። ዋናው አስፋልት ዳር ቦታ አጠረና "የቤተሰብ መዝናኛ" የሚል ትልቅ ሰሌዳ ሰቀለ። መሬቱ ላይ አረንጓዴ የፕላስቲክ ሣር አነጠፈ፤ በጠራራ ፀሐይ የሚበራ የሚጠፋ መብራት ዘረጋ፤ ግድግዳው ላይ የሰው ጥርስ ያለው አንበሳ አሣለ። የስፒከሩ ዘፈን እኛ ቤት ድረስ ይሰማል። ከሁሉ በላይ ግን ጀልባው ነበር፤ ስምንት ልጅ የሚይዝ፣ ቢጫ በተቀቡ ሁለት የእንጨት ምሰሶዎች መሐል ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወናጨፍ። ላዩን ስታዩት አፍ ያስከፍታል፤ ውስጡን ለቄስ። ከተማው ተገልብጦ ወደዚያ ሄደ። የእኛ ፈረሶች የሚገፋቸው ጠፋ።

ይህን እንኳ እችለው ነበር። አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንወጣ ግን፣ ሰው ሁሉ ቆሞ ሰላም እየተባባለ ሳለ፣ ባለመዝናኛው ድምፁን ከፍ አድርጎ "እባካችሁ ልጆቻችሁን አስቡ! አናጢያችን እኮ ፍየል ማሰሪያ ላይ ነው ልጅ የሚያስቀምጠው። አንድ ቀን ተሰብሮ ይፈጃቸዋል" አለ። ሰዎቹ ሳቁ። እኔ አባዬ እንዲመልስለት ጠበቅሁ። አባዬም ሳቀ። አንገቱን ደፋ አድርጎ፣ እያፈረ፣ አብሯቸው ሳቀ። ያን ሳቅ ዛሬም አልረሳሁትም፤ ያሳቀውንም ይቅር አላልኩም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም።

አዲሱ ዓመት በገባ በሁለተኛው ቀን ከክፍሌ ልጆች ጋር ባለመዝናኛው ዘንድ ሄድኩ። ለቤት አልተናገርኩም። እውነቱን ለመናገር መብራቱ ደስ ይለኝ ነበር፤ በዚህም ራሴን እጠላዋለሁ። ለጀልባው ተሰልፌ ሳለ እጄ በልማዱ ወርዶ አንደኛውን ምሰሶ ከሥሩ አንኳኳ። ድም አለ። ጎንበስ ብዬ የጫማ ማሰሪያ የማስር መስዬ የፕላስቲኩን ሣር ገለጥ አደረግሁና በጣቴ ገፋሁት። ጣቴ ሰተት ብሎ ገባ። ደረቁ የምስጥ ዱቄት ጥፍሬ ሥር ሞላ። ያን ሁሉ ልጅ ተሸክሞ የቆመው ቀለሙ ነበር ማለት ይቻላል።

ያኔ መጮህ ነበረብኝ። እኔ ግን ሣሩን መልሼ አለበስኩት።

አትፍረዱብኝ አልልም፤ ፍረዱ። የክረምቱ ዝናብ ያራሰው መሬት እስኪለቀው፣ መስቀል ደርሶ ግቢው በሰው እስኪጨናነቅ፣ ያ ቢጫ ምሰሶ በሕዝብ ፊት እንዲገነደስ ፈለግሁ። ያን ጊዜ ፍየል ማሰሪያ የማን እንደሆነ ይታያል አልኩ። ልጆች እንደሚሳፈሩበት ረስቼው አልነበረም። በመሐል ባሉት ሁለት እሑዶች ጀልባው ወደ ላይ ሲወነጨፍ የሚጮሁት ጩኸት በንፋስ ቤታችን ይደርስ ነበር፤ እኔ ጥርሴን ነክሼ የቤት ሥራዬን እሠራ ነበር። እንዲያውም በጸሎት ሰዓት፣ ዓይኔን ጨፍኜ፣ "በመስቀል ዕለት ይሁን" ብያለሁ። እግዚአብሔር እንዲህ ያለ ጸሎት ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ እንጃ።

የመስቀል ጠዋት አክስቴ፣ የአባቴ ታናሽ እህት፣ ከገጠር፣ ከሀቢቾ፣ ሦስት ልጆቿን ይዛ መጣች። ቤቱ በቅቤ ሽታ ታውዷል፤ አባዬ እናቴ ቡላውን በቅቤ አብስላ የሰጠችውን አተካና ይዞ እየበላ ነበር። አክስቴ የልጆቿን ፊት በቅባት እያበሰች "ዛሬ እንግዲህ መብራት ያለበት ቦታ ነው የምንሄደው" አለች። አባዬ ፈገግ ብሎ "የእኔ ፈረሶችስ?" አላት።

"ወንድሜ፣ እንጨቱማ ሀቢቾም ሞልቶልናል! ጀልባ ላይ አወጣችኋለሁ ብዬ አይደል እንዴ በእግር ያመጣኋቸው።"

ትንሹ ልጇ የአራት ዓመት ቢሆነው ነው። አዲስ ጫማውን ግራና ቀኙን አቀያይሮ አድርጎ "ጀልባ፣ ጀልባ" እያለ ቤቱን ይዞራል። መጥቶ ጉልበቴን አቀፈኝና ቀና ብሎ አየኝ። የሌላ ሰው ልጅ ሲሆን ሁለት ሳምንት ሙሉ የተዘጋው አፌ ያኔ ተከፈተ።

"እንዳይወጡ! ምሰሶው ተበልቷል! ውስጡ ባዶ ነው!"

አባዬ አተካናውን አስቀመጠ። "አንኳኳሽው?"

"አዎ፣ አባዬ። ጣቴም ገባ።"

"መቼ?"

ጥያቄው ይህች ብቻ ነበረች። ሁሉም አዩኝ። "ትናንት" አልኩ።

አባዬ ቅቤ በነካ ከንፈሩ ግንባሬን ሳመኝ። "ጆሮሽን ይባርከው፣ ልጄ" አለና ተነሣ። ለአዲስ ጅዋጅዌ ብሎ ዓመት ያደረቀውን፣ ዘይት ያጠጣውን ምሰሶ ከጎረቤታችን ጋር ትከሻ ለትከሻ ተሸክመው ወጡ። እኔ መቆፈሪያውን ይዤ፣ አክስቴም ልጆቿን አስከትላ፣ ከኋላ ተከተልን።

ባለመዝናኛው ሲያየን "በበዓል ቀን ምን ልታመጣብኝ ነው?" ብሎ ደነፋ። አባዬ አልፎት ገባ። ሣሩን ገልጦ ምሰሶውን በጫማው ጫፍ መታ አደረገው፤ ቀለሙ እንደ እንቁላል ቅርፊት ወደ ውስጥ ገባ። የሰውዬው ፊት ሲገረጣ አየሁ። አቤት ደስታዬ! ተናገር አባዬ፣ ሕዝቡን ጥራና አሳይ፣ ያን እሑድ የሳቁብህን ሁሉ ጥራ እያልኩ በልቤ ጮህኩ። አባዬ ግን "በሩን ዘግተህ ቆየኝ፤ ሰው እንዳይደነግጥ" አለው በለሆሳስ።

ሌላኛውን ምሰሶ አንኳኩቶ ጤነኛ ሆኖ አገኘው። የተበላውን አወጣ፤ የእኛን ተከለ፤ ድንጋይ ጠቀጠቀ። በቆሎ ስላልነበረ ራሱ፣ ጎረቤታችን፣ የግቢው ዘበኛና አክስቴ ጀልባው ላይ ወጡ፤ አክስቴ "ኢየሱስ!" እያለች እየጮኸች ተወናጨፉ። ከዚያ ባለመዝናኛው ቢጫ ቀለሙን አምጥቶ የአባቴን እንጨት ከላይ እስከ ታች ለቀለቀው። ሽታው እስካሁን አፍንጫዬ ውስጥ አለ።

"አባዬ፣ እየቀባብህ ነው እኮ!" አልኩት።

"ይቀባ። የሚሳፈሩት ልጆች የእሱ አይደሉም" አለኝ።

በሩ ሲከፈት ሕዝቡ ጎረፈ። ባለመዝናኛው መሐል ላይ ቆሞ "ለደኅንነታችሁ ስል አዲስ ምሰሶ አስተከልኩ" እያለ ምርቃት ተቀበለ። ያ ጀልባ ዓመታት ሠራ። የእኛ ፈረሶች በሣር ተዋጡ፤ በመጨረሻ እናቴ ለማገዶ ፈለጠቻቸው። ሰውዬው አሁን ሸምግሏል። ለቅሶ ቤት ሲያገኘኝ "የአናጢው ልጅ!" ብሎ እጁን ይዘረጋልኛል። ቸኩያለሁ ብዬ አልፈዋለሁ።

አባዬ ግን ያን መስቀል በሌላ መልክ ይዞት ኖረ። በሰርግ፣ በእድር፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ "ይህች ልጄ የስምንት ልጅ ነፍስ ያተረፈች ናት፤ ባወቀች በማግስቱ ነገረችኝ" ይላል። እኔ ዕቃ ለማንሣት ብዬ እወጣለሁ። አንድ ቀን እነግረዋለሁ እያልኩ ዓመታት ሄዱ።

አልጋ ላይ የዋለ ጊዜ ፓስተራችን ሊጸልዩለት መጡ። አባዬ ድምፁ ደክሟል፤ እጄን ግን ፈልጎ ያዘና ያችኑ ታሪክ ጀመረላቸው። እየቆመ፣ እየተነፈሰ፣ እስከ መጨረሻው ነገራቸው። ፓስተሩ ወደ እኔ ዞረው "የተባረክሽ ልጅ ነሽ" አሉኝ።

ሁለት ሳምንት ነበር ልል አፌን ከፈትኩ። አባዬ ቀና ብሎ እያየኝ ፈገግ አለ።

"አሜን" አልኩ።