የሙሽራው፣ የሚዜዎቹና የአማትየው ጭርት

ነገሩ የሆነው ሞባይል ቡሬ ገብቶ ሰው ሁሉ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ይወጣ በነበረበት ሰሞን፣ እኔ ባገባሁ በሦስተኛው ሳምንት ነው። በአንዲት ክብ ምልክት የተነሣ ትዳሬ ሊፈርስ ስለነበር እስከ ዛሬ አልረሳውም። ባለቤቴም እንድረሳው አትፈቅድም።

ያኔ ቡሬ አቅራቢያ ባለ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አስተምር ነበር። ለሰርጋችን ሁለት ቀን ሲቀረው ከሦስቱ ሚዜዎቼ ጋር ፀጉራችንን ለመስተካከል ከተማ ገባን። ቀኑ ገበያ ስለነበር ፀጉር ቤቱ ጢም ብሏል። አስተካካዩ በአንዱ ቶንዶስ አንዱን ጨርሶ ሌላውን ይጀምራል። አልኮሉ አልቆበት ስለነበር በጨርቅ ጠረግ አድርጎ ይቀጥላል። እኛም ሐሳባችን ማማር ላይ ነበርና ልብ አላልንም።

ሰርጉ አለፈ። ብዙም ሳይቆይ ማጅራቴን ያሳክከኝ ጀመር። ቆዳው ነጣ ብሎ፣ ዳር ዳሩ እየተቀረፈ፣ በሳንቲም የተለካ የሚመስል ክብ ወጣብኝ። ባለቤቴ ጥሩወርቅ አይታ ምች ይሆናል አለች፤ እኔም ምች ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ ቀን ገበያ መሐል የጥሩወርቅን አጎት አገኘኋቸው። የሚስት አጎት አይደሉ፣ ወገቤን ሰብሬ እጅ ነሣሁ። ጉድ ያፈላብኝ ይኸው ጨዋነቴ ነው። ጎንበስ ስል ማጅራቴን አይተዋል። ተሰናብተውኝ ሄዱ፤ በሳምንቱ ግን መልእክት ላኩ። ለመልሱ ኑ፣ ልጅቷ ግን ነገሩ እስኪጣራ እኛ ዘንድ ትቆያለች የሚል ነው።

የሚጣራው ሰባት ቤቴ ነበር። በኛ አገር ቆዳ ላይ የነጣ ነገር ከታየ ሰው ቶሎ የሚያስበው ሥጋ ደዌን ነው፤ እሱም በዘር ይወርዳል ተብሎ ይፈራል። እናቴ አለቀሰች። ጥሩወርቅ ተቆጥታ የትም እንደማትቀር ነገረችኝ። አባቷ ቅሪ ካሏት ግን እንደምትቀር ሁለታችንም እናውቃለን።

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ነርሷ ማጅራቴን ገና አየት ስታደርግ ሳቀች። ጭርት ነው፣ የሚያመጣውም ፈንገስ ነው አለችኝ። ባካባቢያችን ሞልቷል፤ የሚሻገረው በምላጭ፣ በቶንዶስ፣ በማበጠሪያና በኮፍያ ነው። ሥጋ ደዌም ቢሆን በዘር እንደማይወርድና እንደሚድን ጨምራ ነገረችኝ። የሚቀባ መድኃኒት ይዤ ስወጣ እፎይ አልኩ። ቆየት ብሎ ግን ሽማግሌ ፊት ቆሜ ይህን ብናገር ማን ያምነኛል የሚል ጭንቀት ያዘኝ።

የመልሱ ዕለት ሚዜዎቼ መጡ። ፀሐዩ ያቃጥላል። የመጀመሪያው ሚዜዬ ይሁኔ ማጅራቱ ድረስ የወረደ የሹራብ ኮፍያ አድርጓል። ሁለተኛው አንገቱን በፎጣ ጠምጥሟል። ሦስተኛው ኮሌታውን አቁሞ እስከ ጉሮሮው ቆልፏል። በራሴ ጭንቀት ተጠምጄ ስለነበር ምን ነካችሁ ብዬ እንኳ አልጠየቅኳቸውም።

አማቶቼ ቤት ዳሱ በሰው ሞልቷል። ምግብ ሳይቀርብ አጎትየው ተነሡ። ልጃችንን የሰጠነው ንጹሕ አጥንት ነው ተብለን ነው፣ ማጅራቱ ላይ ያለውን ግን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ አሉ። ነርሷ ያለችኝን ልናገር ብል አፌ ተሳሰረ። ጥሩወርቅ መሬት መሬት ታያለች።

ይሁኔ ብድግ አለ። ይቅርታ ጠይቆ ጀርባውን ለሽማግሌዎቹ ሰጠና ኮፍያውን አወለቀ። ማጅራቱ ላይ ቁርጥ የኔን የመሰለ ክብ አለ።

"እኔ የመራዊ ሰው ነኝ። ከሙሽራው ጋር በሰባት ቤት ቀርቶ በሰባም አንገናኝ" አለ።

ሁለተኛው ፎጣውን ፈታ። ሦስተኛው ኮሌታውን ገለጠ። ለካ ሦስቱም አንዱ ካንዱ ተደብቀው ሲያክኩ ከርመዋል። ይኼኔ አፌ ተፈታልኝና የቶንዶሱንም የፈንገሱንም ነገር አንድ ሳላስቀር ተናገርኩ።

አጎትየው ሊመልሱ ሲሉ አማቴ አቶ ስንሻው እጃቸውን አነሡ። ሰው ፊት ባርኔጣቸውን ሲያወልቁ አይቻቸው አላውቅም። ቀስ ብለው አወለቁት። ከጆሯቸው ኋላ ነጭ ሽንኩርት የተለቀለቀ ክብ ታየ። ለልጃቸው ሰርግ እኛ የተነሣንበት ወንበር ላይ እሳቸውም ተቀምጠው ኖሯል።

"እንግዲያ እኔም የልጁ ዘር ነኛ" አሉ።

ዳሱ በሳቅ ተናወጠ። አጎትየውም ሳይወዱ ሳቁ። ጥሩወርቅ በዚያው ዕለት ከኔ ጋር ተመለሰች። በማግስቱ አማቴና ሚዜዎቼ ጤና ጣቢያ ተሰለፉ፤ ከዚያ በቀጥታ አስተካካዩ ዘንድ ሄደን ነገሩን በጨዋታ ነገርነው። ደንግጦ፣ ከዚያ ወዲያ ቶንዶሱን ሳያጸዳ ሰው እንደማይነካ ቃል ገባልን።

ሰኞ ክፍል ስገባ ግን ሳቄ ቆመ። ኋላ ወንበር ላይ ለብቻቸው የተቀመጡ ሦስት ልጆች አሉ። ራሳቸው ላይ ጭርት ስላለ ሌላው እንዳይጋባበት ብዬ እዚያ ያስቀመጥኳቸው እኔ ነኝ። ለኔ አራት ሰው ቆሞልኛል፤ ለነሱ ማንም አልቆመላቸውም። ያን ዕለት ወደ ፊት አመጣኋቸው። የሚዋጠውን መድኃኒት እስኪጨርሱም ለሳምንታት ጤና ጣቢያ አመላለስኳቸው። ፀጉራቸው መልሶ በቀለ።

የማጅራታችንን ነገር ሳወራ ሰው ሁሉ ይስቃል፤ እኔም አብሬ እስቃለሁ። ስለ ኋላ ወንበሩ ግን እስከ ዛሬ አፍራለሁ።