በረመዳን የበላሁት ምሳ

በሸዋ ሮቢትና በዙሪያዋ እኔን የማያውቅ ሽማግሌ ካለ እንግዳ ሰው ነው። አንድ ቀን እንኳ ተማሪ ቤት ሳልገባ ፊደል የለየሁ፣ ንባብ የጨረስኩ፣ ጽሕፈቴን የተማሩት ሰዎች ሳይቀሩ የሚያደንቁልኝ ነኝ። ኦሮምኛን እንደ አማርኛ እናገራለሁ። ጣሊያንኛን ከአሠሪዎቼ አፍ ለቅሜ ዓመት ሳይሞላ ለሌላው አስተርጓሚ ሆኛለሁ። ይህን የምለው ለጉራ ብቻ አይደለም፤ የሚናዘዝላችሁ ሰው ሞኝ እንዳልነበረ እንድታውቁ ነው። ሞኝ ቢሆን ሳያውቅ አጠፋ ይባልለታል። እኔ ግን አውቅ ነበር።

የምጽፈውን ነገር ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለንስሐ አባቴም ኃጢአቴን ስዘረዝርላቸው ይቺን እየዘለልኩ ነው የኖርኩት። እሳቸው አርፈዋል። እንግዲህ የሚሰማኝ የሚያነበኝ ብቻ ነው።

ጣሊያን የደሴን መንገድ ሲያሠራ ከሮቢት በላይ ድንጋይ ፈላጭ ነበርኩ። ቅዳሜ ቅዳሜ ደመወዛችንን በሊሬ እንቀበላለን፤ ምሳ ግን የራሳችን ነው። ከሥራው ቦታ አጠገብ፣ ግራር ጥላ ሥር፣ ሴቶች ቂጣና ንፍሮ ይሸጣሉ። ሰዉ ሳምንቱን ሙሉ እዚያ ሲበላ የደመወዙ ሲሶ እዚያው ይቀራል። ይህን ከማንም በፊት ያሰብኩት እኔ ነኝ። የምሳውን ገንዘብ ያስቀመጠ ሰው ውሎ አድሮ በቅሎ ይገዛል አልኩ፤ በቅሎ ያለው ደግሞ ድንጋይ አይፈልጥም፣ ጨው ይነግዳል።

መጀመሪያ ጦሜን ዋልኩ። የሮቢት ሙቀት ግን በባዶ ሆድ አይቻልም፤ በአራተኛው ቀን መዶሻው ከእጄ ወደቀ። አጠገቤ የሚፈልጠው ይማም አየኝ። ይማም ከከተማው በታች ካለ መንደር የሚመጣ፣ ቀጭን፣ ሳቂታ የይፋት እስላም ነው። ዘሃራ የምትባል ሚስት ነበረችው።

«ምሳህን ምን በላው?» አለኝ።

«እናቴ ታማለች። ገንዘቡን ለሷ ነው የምልከው» አልኩት።

እናቴ የሞተችው እኔ ጡት ሳልጥል ነው። ይህን ውሸት ማን አስተማረኝ? ማንም። ራሴ አወጣሁት፤ ምላሴ እንኳ አልተደናቀፈም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይማም አገልግሉን በመካከላችን ይከፍት ጀመር። የእስላም ሥጋ እንደማልበላ ስለሚያውቅ ሥጋ አያስይዝም፤ በእኔ ምክንያት እሱም ቀረበት። ረቡዕና ዓርብን ከእኔ ይልቅ የሚያስታውሰው እሱ ነበር። «ዛሬ ጾምህ ነው፣ ቅቤ አልነካውም፣ አትፍራ» ይለኛል። የማሽላውን እንጀራ በሽሮ እኩል እንበላ ነበር። እኩል ማለቴ ውሸት ነው። እኔ ፈጥኜ እጎርስ ነበር።

ጓዶቻችን «አንተ ተሰማ፣ ይማም ቤት ቀለብ ተቆርጦልሃል እንዴ?» እያሉ ያሾፉብኛል። ይማም ይቆጣል። «ተዉት! ወላሂ፣ እንደሱ እናቱን የሚጦር ከእናንተ ውስጥ አንድ የለም!» ይላቸዋል። እኔ አንገቴን እደፋለሁ። እነሱ አይናፋርነት ይመስላቸዋል። ሊሬው ወገቤ ላይ፣ በቆዳ ከረጢት ውስጥ ነበር።

ረመዳን ገባ። ይማም ከጾመ ምሳው ሊቀርብኝ ነው ብዬ ጨነቀኝ። በመጀመሪያው ቀን ግን አገልግሉን ይዞ መጣና ፊቴ አስቀመጠው።

«አንተ ትጾም የለም እንዴ?» አልኩት።

«እኔ ስጾም አንተ ምን አጠፋህ? ብላ፣ ለኔ ሽታው ይበቃኛል» ብሎ ሳቀ፤ ፊቱንም ወዲያ አዞረ።

በላሁ። ወሩን ሙሉ በላሁ። ያ ሰው ውሃ እንኳ ሳይቀምስ በዚያ ፀሐይ መዶሻ ሲያነሣ፣ እኔ ጥላ ሥር ተቀምጬ የሱን እንጀራ በላሁ። ምግቡ ከማን ጉሮሮ እንደሚመጣ ጠየቅሁ? አልጠየቅሁም። ሚስቱስ ምን ትቀምሳለች ብዬ አሰብኩ? አላሰብኩም። ያሰብኩት በቅሎዬን ነው።

ጾሙ ሊፈታ ጥቂት ቀን ሲቀረው ይማም የሚፈልጠው ድንጋይ ላይ ተደፋ። ወባ ነበር። በቃሬዛ ቤቱ አደረስነው። ከተማ ውስጥ ኪኒን የሚሸጥ ነጋዴ ነበር፤ ዋጋው ግን እሳት ነው። ጓዶቻችን መዋጮ አወጡ። ሰብሳቢው እኔ ጋ ሲደርስ አፌን ሳልከፍት አለፈኝ።

«ከአንተ እንዳንቀበል ይማም አስምሎናል» አለኝ። «የእናቱን ገንዘብ እንዳትነኩበት ብሏል።»

ወገቤ ላይ ያለው ገንዘብ ለኪኒኑ በቅቶ ይተርፍ ነበር። አውጥቼ ብሰጥ ግን «ከየት አመጣኸው?» ሊሉኝ ነው። ውሸቴ ሊገለጥ፣ በቅሎዬም ልትቀር ነው። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ። ጣሊያን አላስገደደኝም፣ ረኀብ አላስገደደኝም። የተዋጣው ለግማሹ ኪኒን በቃ። ይማም ሦስት ቀን ተሻለው፣ ከዚያ አገረሸበት። በዒድ ማግሥት ቀበርነው። ሙሉውን ቢውጥ ይድን ነበር? አላውቅም። እንዳላውቅ ያደረግሁት ራሴ ነኝ።

በሳምንቱ ዘሃራ ሥራው ቦታ ድረስ መጣች። ሰው ጠይቃ እኔ ፊት ቆመች።

«የይማም ጓደኛ አንቱ ነዎት?»

«ነኝ» አልኩ።

«ምሳዎን እንዳላቋርጥ አደራ ብሎኛል። እናቱን የሚጦር ሰው ነው፣ እንዳይራብብኝ እያለ ነው የሞተው።» አገልግሉን አስቀመጠች። «በረመዳን ጎሕ ሳይቀድ ለስሁር የማቀርብለትን አይበላም ነበር። ውሃ ብቻ ይጠጣና ምግቡን ለርስዎ ቋጥሮ ይወጣል። ስቆጣው፣ እሱ ሲጎርስ እኔ እጠግባለሁ ይለኛል።»

ያ ሰው በቀን አንዴ፣ ማታ ብቻ እየበላ ነበር ድንጋይ ሲፈልጥ የከረመው። የወሩ ምሳዬ እንደዚህ የመጣ ነበር።

ሰዉ መዶሻውን አስቀምጦ ያየናል። «እናት የለኝም» ማለት እችል ነበር። ከረጢቱን ፈትቼ እጇ ላይ ማኖር እችል ነበር። «ይብሉ እንጂ፣ አገልግሉን ይዤ ልመለስ» አለችኝና ተቀመጠች። እጄን ታጠብኩና በላሁ። በማግሥቱም መጣች፣ በላሁ። ሁለት ሳምንት ያህል ተመላለሰች። መጨረሻ ላይ ባዶ እጇን መጣችና ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ «አፉ ይበሉኝ፣ ማሽላው አለቀብኝ» አለችኝ።

«ግድ የለም፣ አፉ ብያለሁ» አልኳት።

ከዚያ በኋላ ማጀቴ ከተማ ወዳሉ ዘመዶቿ ሄደች ሲሉ ሰማሁ። በዚያ በኩል ስንት ጊዜ በበቅሎ አልፌአለሁ፤ አንድ ጊዜ እንኳ ወርጄ አልጠየቅሁም። ልጅ ነበርኩ አልልም፣ ዘመኑ ክፉ ነበር አልልም። ይማምም በዚያው ዘመን የኖረ ሰው ነው። ይቅር በሉኝም አልላችሁም፤ በእናንተ እጅ ያለ ነገር አይደለም።

እንግዲህ በዕድሜዬ የሠራሁትን ልንገራችሁ። በቅሎዋን ገዛሁ። ከአጣዬ እስከ ማጀቴ ጨው ነገድሁ። ጣሊያን ሲወጣ ሱቅ ከፈትሁ። በሰፈሬ የመጀመሪያውን የቆርቆሮ ቤት ሠራሁ። ሰባት ልጆች አሳድጌ ዳርሁ። መሬቱን ለተቀማ ሰው ማመልከቻ ጽፌ አስመለስሁ። ለደብሩ ደወል ገዛሁ። የይማምን ሚስት ዘሃራን፣ ማሽላ ስላለቀባት፣ ይቅር አልኳት።