የወቀጥኩት ቅጠል

ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ሲሄድ ሚስቱን እኛ ቤት ትቷት ሄደ። እናታችን ከሞተች ቆይታለች። ድሬ፣ ከዚራ ሰፈር ባለው ቤት ከምድር ባቡር በጡረታ የወጡት አባቴና እኔ ብቻ ነበርን የምንኖረው። እኔ ዩኒቨርሲቲ ጨርሼ ሥራ ከያዝኩ ገና መንፈቅ አልሞላኝም።

ምራታችን የመጋላ ሰፈር ልጅ ናት። ክርስቲያን ብትሆንም ከሶማሌ ጎረቤቶች ጋር ስላደገች "ወላሂ" ከአፏ አይጠፋም፤ እንደ ድሬ ልጅ ወግም ትልቁንም ትንሹንም አንተ ትላለች። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ አባቴን እርስዎ ስል ነው የኖርኩት። እሷ ግን በገባች ሳምንት፣

"አባባ፣ ብላ እንጂ! ምን ታፈጥብኛለህ?" አለቻቸው።

ደንግጬ አንገቴን ደፋሁ። አባቴ ሳቁ። እናቴ ከሞተች ወዲህ እንደዚያ ሲስቁ ሰምቻቸው አላውቅም።

ያቀረበችላቸው ሩዝ ነበር። ከጅቡቲ በባቡር በስውር የሚመጣውን ሩዝ ስትቀቅል ደረቅ ቅጠል ጣል ታደርግበታለች፤ የባሕር ዛፍ የሚመስል፣ ግን አጠር ሰፋ ያለ። ቤይ ሊፍ እንደሚባል ያወቅሁት ኋላ ነው፤ እኔ በልቤ "የእሷ ቅጠል" ነበር የምለው። ከሥራ ስመለስ ሽታው በር ላይ ሲቀበለኝ ሆዴ እየራበው ፊቴ ይጠቁራል። አባቴ ወጥ ቤቱ ደፍ ላይ በርጩማ አስቀምጠው ከእሷ ጋር ያወራሉ። እኔን ሲያዩ "መጣሽ? ደህና ዋልሽ?" ይሉኛል፣ ለእንግዳ እንደሚባለው።

አንድ እሁድ ምራታችን እናቷ ዘንድ ሄዳ አደረች። ወጥ ቤቱ የእኔ ሆነ። የሥጋ ወጥ ጣድኩና ከጣሳዋ አንድ እፍኝ ቅጠል ዘገንኩ። እሷ እንዳለ ስትጥለው አይቻለሁ፤ እኔ ግን የተሻለ ላደርገው ፈለግሁ። እናቴ ኮረሪማም ሆነ በሶብላ ሳይወቀጥ ወጥ ውስጥ አስገብታ አታውቅም። ስለዚህ በሙቀጫ አድቅቄ ጨመርኩት።

አባቴ ጎረሱ። ብዙ አኘኩ። ውኃ ጠጡና ደግመው ጎረሱ።

"አልጣፈጠዎትም?"

"ኧረ ጥሩ ነው። እጅሽ ይባረክ።"

የቀረበላቸውን ጨረሱት። ኋላ እኔ ስቀምሰው መራራ ነው፤ ስብርባሪው ጥርሴ ሥር ይንኮሻኮሻል። ቢሆንም እሳቸው ወደውታል ብዬ ደስ ብሎኝ ዋልኩ።

በማግስቱ ምራታችን መጥታ ድስቱን ከፈተች፤ በጣቷ ቀመሰች።

"ወላሂ! ቅጠሉን ወቀጥሽው እንዴ?"

አባቴ ወደተቀመጡበት በረንዳ ዞረች።

"አባባ፣ ይሄን በላኸው?"

"በላሁት እንጂ! ሌሊቱን ሙሉ ጉሮሮዬን ሲቧጥጠኝ አደረ። እንደ በግ ገለባ አላመጥኩልሽ!"

"ታዲያ ለምን አልነገርካትም?"

"ለእሷ?" አሉ አባቴ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "ለእሷ እንዴት ይነገራል?"

ሁለቱም ሳቁ። በወጡ ቢስቁ ግድ አልነበረኝም። ጉሮሯቸው እንደተቧጠጠ የነገሩት ግን ለእሷ ነው፤ ለእኔ የደረሰኝ ምርቃቱ ብቻ ነው።

ድስቱን አንስቼ ግቢ ካለው ቧንቧ ሥር ቁጭ አልኩና እፈትገው ጀመር። ሳቃቸው እዚያም ድረስ ይሰማ ነበር።