«መብራት» ሲሉ

በቤት ውስጥ ስሟን የሚጠራ ሰው አልነበረም። በልጅነቷ የምትናገረውን ሁሉ በ«ስለዚህ» ስለምታስረው፣ «ስለዚህ» የሚል ቅጽል ስም አወጡላትና በዚያው ጸና። «ድመት ትተኛለች፤ እኔም እተኛለሁ፤ ስለዚህ እኔ ድመት ነኝ» ስትል ልብስ ሰፊው አባቷ ከስፌት መኪናቸው ቀና ብለው፣ «መርፌም ዓይን አላት፤ ስለዚህ ታያለች በያ!» ይሏትና በሳቅ ይፈርሳሉ።

ይህች ልጅ አድጋ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ ሆነች። ከመረጃ ክምር ውስጥ «ይህ ከሆነ ያ ይሆናል» የሚሉ ደንቦችን የሚፈለቅቅ፣ ከዚያም እርስ በርስ የሚጣሉትን በሎጂክ እያበጠረ የሚጥል ፕሮግራም ትሠራለች። የዩኒቨርሲቲው ሦስተኛ ፎቅ ላይ፣ የማሽኖቹ ማራገቢያ እንደ ሩቅ ፏፏቴ ሲያንሾካሹክ፣ የከሰዓት ፀሐይ ስክሪኗ ላይ ሲያልፍ፣ ቁጥሮቹ ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ዓሣዎች ይመስሏት ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን አባቷን ስትሮክ መታቸው። ከሆስፒታል ሲመለሱ እግራቸው ቢዝልም እጃቸው ደህና ነበር፤ ቃላቸው ግን ተደበላለቀ። ዳቦ ሲሰጧቸው ትናንት «መቀስ»፣ ዛሬ «ክር» ይላሉ። ከሁሉ ያስቸገረው «መብራት» ነበር። እናቷ በጠራራ ፀሐይ አምፖሉን ያበራሉ፤ አባቷ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ያጠፉታል፤ አሁንም ይነቀንቃሉ።

«አንቺ ማሽን የምታናግሪው፣ እስቲ የአባትሽን ነገር ጠይቂው» አሏት እናቷ።

ነገሩ ልቧ ውስጥ ገባ። እናቷና ታናሽ እህቷ አባቷ የሚሉትን በስልክ እየቀዱ ሰጧት። እሷም ምን ሲሰጣቸው፣ መቼ፣ ማን አጠገባቸው እያለ ምን እንዳሉ ለፕሮግራሙ አስገባች። መጀመሪያ ያወጣው ደንብ አሳቃት፦ ማክሰኞ ከሆነ ሁሉ ነገር ክር ነው።

«አባዬ ደግሞ በቀን መቁጠሪያ መናገር ጀመረ?» አለች እህቷ።

ማክሰኞ ግን የእህቷ የእረፍት ቀን ነው፤ ያን ቀን ምሳ የምታቀርበው እሷ ናት። ፕሮግራሙ እንደገና ሲያበጥር ዳቦውም ውሃውም ከደንቡ ወጡ፤ የቀረው ሰጪው ብቻ ነበር። እናቷ የሚያቀብሏቸው ሁሉ መቀስ፣ እህቷ የምታቀብላቸው ሁሉ ክር።

«እንዴ! ልብስ ስፌት ሱቁ ውስጥ መቀሱን የማቀብለው እኔ አልነበርኩ?» አሉ እናቷ ዓይናቸው ፈዞ። «ክሩን የምታጠነጥነው ደግሞ ይቺ።»

ለካ አባቷ ዕቃ አልነበረም የሚጠሩት፤ ሰው ነበር።

«መብራት» ግን ያለ ደንብ ቀረ። አንድ ቀን «ስለዚህ» አውቶቡስ ውስጥ ራሷን መስኮቱ ላይ አስደግፋ፣ የሚያልፉት ቤቶች እንደ ሕልም ሲንሳፈፉ እያየች፣ ድንገት በራላት። መረጃው ውስጥ አንድ ሰው ጎድሏል። ስትሰበስብ፣ ስትጠይቅ፣ አባቷ አጠገብ ስትቀመጥ፣ ራሷን አልቆጠረችም።

ቤት ስትገባ አባቷ መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል። «መብራት» አሉ። እናቷ እጃቸውን ወደ ማብሪያው ሰደዱ።

«ተይው እማዬ። ሱቅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ሲጠፋ ባትሪ የሚይዝለት ማን ነበር?»

የእናቷ እጅ አየር ላይ ቀረ። «አንቺ ነሻ! መርፌው ላይ አብሪ ሲልሽ ጣሪያው ላይ እያበራሽ…»

«ስለዚህ» አባቷ ፊት በርከክ አለች። «አቤት፣ አባዬ» አለች።

አባቷ ራሳቸውን አልነቀነቁም። ጥሩ ጨርቅ እንደሚለይ ሰው ጉንጯን በአውራ ጣታቸው ቀስ ብለው ዳሰሱት። ያን ሁሉ ወር ሲጠሯት ቤቱ አምፖል ሲያበራና ሲያጠፋ ከርሟል። እንባዋ መጣ፤ አልደበቀችውም።

የምርምር ክፍሉ ኃላፊ ታሪኩን ሲሰማ፣ «የአንድ ሰው ንግግር ለጥናት አይበቃም» አላት። እውነቱን ስለሆነ አልተከራከረችውም፤ ጥናቷን በሌላ መረጃ ጨረሰች።

የአባቷ ቃላት ወደ ቦታቸው አልተመለሱም። እናቷ «መቀስ» ሲባሉ «መጣሁ» ይላሉ፤ እህቷ፣ «ምናለ የሐር ክር እንኳ ብሆን» እያለች ታጉረመርማለች። አንድ ጠዋት አባቷን የእግር እንቅስቃሴ ሊያሠራ አዲስ ባለሙያ መጣ። ሱቁን በዓይኑ አይቶት አያውቅምና ደንቡ ስለ እሱ የሚለው ነገር የለም፤ ሁሉም ጆሮውን ቀሰረ። አባቷ የሰውየውን ቦርጭ፣ ቦርጩ ላይ የተወጠረውን ሸሚዝ፣ ሊበጠስ የደረሰውንም ቁልፍ ትክ ብለው አዩ።

«ቁልፍ» አሉ።

ሰውየውን ይሁን የሸሚዙን ቁልፍ ማለታቸው፣ ፕሮግራሙም አያውቅም። ቀድመው የሳቁት ግን አባቷ ነበሩ።